ቱሪስት ምን ፈልጎ ይመጣል? ስለ ቱሪስት ገበያ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እንግዳ ይዤ ሰሜን መስመርንም ደቡብ መስመርንም ብዙ ዓመት ዞሬያለሁ። አሁን ሥራውን የጀመሩ ወጣቶች ይጠይቁኛል። ከውጭ ሆነው ሎጅ ወይም ፔንሲዮን ለመክፈት የሚያስቡ ወገኖችም ይጠይቁኛል። ጥያቄዎቹ ሲደጋገሙ አንድ ነገር ገባኝ። እኛ ስለ መስህቡ እንጂ ስለ ሰውየው አናስብም። ስለ ላሊበላ ሁለት ሰዓት ሙሉ ማውራት እንችላለን። ላሊበላ ድረስ የመጣችው ሴት ግን ለምን እንደመጣች፣ ከመምጣቷ በፊት ምን እንዳሰጋት፣ ማታ ለማን ፎቶ እንደምትልክ አንጠይቃትም። እዚህ ያሉት መልሶች በሙሉ የሚነሱት ከእሷ ነው።

ቱሪስት የሚባለው ማን ነው? ፈረንጅ ብቻ ነው?

አይደለም። በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ከሚኖርበት አካባቢ ወጥቶ ቢያንስ አንድ ሌሊት የሚያድር፣ ቆይታው ከአንድ ዓመት ያነሰ፣ በሄደበት አገርም ተቀጥሮ የማይሠራ ሰው ቱሪስት ነው። ሳያድር የሚመለሰው የቀን ጎብኚ ይባላል። ለአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ አዲስ አበባ የገባው ልዑክ ቱሪስት ነው። እናቷን ለመጠየቅ ከዋሽንግተን ደሴ የመጣችውም ናት። ከአዳማ ተነስቶ ቁልቢ የሚያድረውም ነው።

"የቱሪስት ገበያ" ሲባል ምን ማለት ነው?

ሰዎቹን ማለት ነው። ተመሳሳይ ፍላጎት፣ ተቀራራቢ አቅምና ተመሳሳይ የእረፍት ጊዜ ያላቸው ሰዎች አንድ ገበያ ይሆናሉ። እኛ አገር ግን ብዙ ጊዜ በፓስፖርት ብቻ እንከፍላቸዋለን፤ የጀርመን ገበያ፣ የቻይና ገበያ እያልን። ቋንቋን፣ በረራንና የበዓል ወቅትን ለማወቅ ይህ ይጠቅማል። ብቻውን ግን አይበቃም። ጡረታ የወጡ ጀርመናዊ ባልና ሚስት ጥሩ አልጋና አክሱምን ተረጋግቶ ማየት ይፈልጋሉ። የ26 ዓመቱ ጀርመናዊ ደግሞ ደናክል ሜዳ ላይ ማደር ይመኛል። እነዚያ ባልና ሚስት ከአገራቸው ልጅ ይልቅ ለፈረንሳዊ ጡረተኛ ይቀርባሉ። ማስታወቂያውም፣ ዋጋውም፣ መኪናውም ይለያያል።

ሰው ከቤቱ ተነስቶ ሩቅ አገር የሚሄደው ለምንድን ነው?

በዘርፉ የሚያጠኑ ሰዎች ምክንያቱን ለሁለት ይከፍሉታል። አንዱ ገፊ ነው፤ ከሰውየው ቤት የሚነሳ። ሌላው ሳቢ ነው፤ ከመዳረሻው የሚመጣ።

ገፊውን እንረሳዋለን። ሰሜን አውሮፓ በታኅሣሥ ከቀኑ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል። ሰማዩ ለሳምንታት ግራጫ ነው። እዚያ ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ገና ስለ ኢትዮጵያ ሳያስብ ፀሐይ ርቦታል። ሌላው በሥራ ዝሏል። ሌላዋ ልጆቿ ከቤት ወጥተው አድገዋል፤ አሁን ጊዜው የራሷ ነው። የእኛን ሰው ካያችሁ ደግሞ ትልቁ ገፊ ስለት ነው። ልጅ ስጠኝ ብላ ለቁልቢ ገብርኤል የተሳለች ሴት ብሮሹር አያስፈልጋትም። መንገዱ ቢርቅም፣ አልጋ ባታገኝም ትሄዳለች።

ሳቢው ደግሞ አንድ ቦታ ላይ እንኳ አንድ አይደለም። በቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ ጎን ለጎን የቆሙ ሦስት እንግዶችን አስቡ። አንዷ ማኅሌቱን ሰምታ እንባዋ ይመጣል። ሁለተኛው ነጭ የለበሰውን ሕዝብ ፎቶ ለማንሳት ብርሃን ይጠብቃል። ሦስተኛው መሐንዲስ ነው፤ የዝናቡ ውሃ ከዚያ ሁሉ ዓለት ውስጥ በየት እንደሚወጣ ማወቅ ይፈልጋል። ለሦስቱም የነገሥታትን ስም በቅደም ተከተል የሚዘረዝር አስጎብኚ ሦስቱንም አላገኛቸውም።

እንደ ላሊበላ ያለ ቅርስ እያለን ገበያው ለምን አይጎርፍም?

ይህ ጥያቄ ከሁሉም በላይ ያመኛል። ኢትዮጵያ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ 12 ቦታዎች አሏት። ላሊበላና የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 መዝገቡ ሲከፈት ከገቡት ከመጀመሪያዎቹ 12 የዓለማችን ቦታዎች መካከል ናቸው። መስህብ አልጎደለንም።

ግን መስህብ የሰንሰለቱ አንድ ቀለበት ብቻ ነው። ሰውየው መጀመሪያ ስለ ቦታው መስማት አለበት። ከዚያ መድረስ መቻል አለበት። መክፈል መቻል አለበት። ከሁሉ በፊት ደግሞ በሰላም እንደሚመለስ ማመን አለበት። አንዷ ቀለበት ከተበጠሰች የቀረው ሁሉ ቢያምርም ጉዞው የለም።

ሰላሙ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ አሠራሩን ብዙ ሰው አያውቀውምና። የአውሮፓና የአሜሪካ መንግሥታት ለዜጎቻቸው የጉዞ ማሳሰቢያ ያወጣሉ። አንድ አካባቢ "አትሂዱ" ከተባለ አብዛኛው የጉዞ ኢንሹራንስ እዚያ አይሠራም። በአውሮፓ ፓኬጅ (በረራውንም አልጋውንም ጉብኝቱንም አንድ ላይ) የሸጠ ድርጅት ደግሞ ለደንበኛው በሕግ ተጠያቂ ነው። ስለዚህ ድርጅቱ ኢትዮጵያን ቢወዳትም ከዝርዝሩ ያወጣታል። ሰላም ሲመለስም እንግዳው በማግስቱ አይመጣም። ማሳሰቢያው እስኪነሳ ጊዜ ይወስዳል። ድርጅቶቹ የቀጣዩን ዓመት ፕሮግራም የሚያወጡት ብዙ ወራት ቀድመው ስለሆነ ሌላ ወቅት ያልፋል።

ላሊበላ ላይ ይህን በዓይናችን አየን። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮቪድ ዓለምን ዘጋ፤ የዓለም አቀፍ ቱሪስቱ ቁጥር በዚያ ዓመት ከ70 በመቶ በላይ ወደቀ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ የሰሜኑ ጦርነት ጀመረ። በ2021 ጦርነቱ ከተማዋ ድረስ ዘለቀ። በኖቬምበር 2022 የፕሪቶሪያው ስምምነት ሲፈረም ተስፋ አደረግን፤ ብዙም ሳይቆይ በ2023 ክረምት በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሳ። የዚህን ዋጋ የከፈለው ሎጁ ብቻ አይደለም። አስጎብኚው፣ በቅሎ አከራዩ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ጫማ ጠባቂው፣ ለሆቴሉ እንቁላል የምታስረክበው እናት ሁሉም አብረው ተቸገሩ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሩቅ ያለ ሰው ካርታውን በደንብ አያይም። እ.ኤ.አ. በ2014 ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ ኢቦላ ሲነሳ ኬንያና ታንዛኒያ የሳፋሪ ጉዞ ተሰርዞባቸዋል። በሽታው ከእነሱ በሺዎች ኪሎ ሜትር ይርቅ ነበር። እኛም ዘንድ ችግሩ አንድ ዞን ውስጥ ቢሆን ባሌ የተያዘው አልጋ ይሰረዛል። እንግዳው ሲጽፍላችሁ የት ምን እንዳለ በርቀትና በሰዓት ለይታችሁ በእውነት ንገሩት። "ምንም ችግር የለም" አትበሉ። አንድ ጊዜ ተዋሽቶ የደረሰበት ሰው አገሩ ገብቶ ለመቶ ሰው ያወራል።

ወደ ኢትዮጵያ የሚመጣውስ ማን ነው?

ፎቶ ላይ የምናየው ባለ ካሜራው ፈረንጅ አንዱ ወገን ብቻ ነው። አዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረትና የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫ ስለሆነች የስብሰባ እንግዳ ሁልጊዜ አለ። ይህ ሰው መዳረሻውን አልመረጠም፤ ስብሰባው መረጠለት። ግን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነፃ ነው። ግማሽ ቀን አለው እንጂ ሦስት ቀን የለውም። ብሔራዊ ሙዚየም ገብቶ ድንቅነሽን አይቶ፣ እንጦጦ ወጥቶ፣ ቡና ጠጥቶ ቢመለስ ይበቃዋል። ቦሌ ላይ በረራ የሚቀይረው መንገደኛም እንደዚያው ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ አዲስ አበባን የአህጉሩ መገናኛ ስላደረጋት በየቀኑ ብዙ ሰው ያልፍባታል። ከዚህ ውስጥ ጥቂቱ እንኳ አንድ ሌሊት ቢጨምር ትልቅ ነገር ነው።

የታሪክ መስመሩን የሚመርጡት አብዛኛውን ጊዜ በዕድሜ ጠና ያሉ፣ ያነበቡ ሰዎች ናቸው። አክሱም፣ ጎንደር፣ ላሊበላ፣ ባሕር ዳር፣ አንዳንዴም ሐረር። ወደ ሰሜን ተራሮች የሚወጡት ጭላዳና ዋልያ ማየት፣ ድንኳን ውስጥ ማደር ይፈልጋሉ። ደናክል የሚሄደው ሌላ ዓይነት ሰው ነው። እዚያ ያለው ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ እጅግ ሞቃት ስፍራ ነው። ለሌላው ስቃይ የሆነው ሙቀት ለዚህ ሰው የመጣበት ምክንያት ነው።

ወፍ አጥኚዎቹን ግን በጣም እወዳቸዋለሁ። አገራችን ውስጥ ከ800 በላይ የወፍ ዝርያ ተመዝግቧል። እነዚህ ሰዎች ዝርዝር ይዘው ነው የሚመጡት። የሆቴሉ ኮከብ አያሳስባቸውም። የሚፈልጉት ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቁርስ የሚያቀርብ ሰውና ወፍ ሲያይ ሞተር የሚያጠፋ ሾፌር ነው። ባሌ ላይ ሳነቴ አምባን ሲያቋርጡ ቀይ ቀበሮ ካዩማ ደስታቸው ልዩ ነው። ይህን የገባው ትንሽ ሎጅ ከትልቁ ሆቴል ቀድሞ ደንበኛ ያገኛል።

ልብ የማንላቸውም አሉ። ደቡብ ኮሪያውያን በኮሪያ ጦርነት ጊዜ ከጎናቸው የቆመውን የኢትዮጵያ ጦር፣ ቃኘው ሻለቃን አልረሱም፤ በቹንቾን ከተማ መታሰቢያ አቁመውለታል። ያን ታሪክ የሚያውቅ ኮሪያዊ አዲስ አበባ ሲመጣ የእኛንም የዘማቾች መታሰቢያ ማየት ይፈልጋል። ራስተፈሪያን ሻሸመኔን ብለው ይመጣሉ። ከእስራኤል ቤተ እስራኤል ወገኖቻችን ልጆቻቸውን ይዘው ጎንደር ይመጣሉ፤ ወለቃን፣ የአያቶቻቸውን መንደር ለማሳየት። ቡና ነጋዴዎችና ቡና ወዳዶች ደግሞ ይርጋ ጨፌንና ከፋን ያውቋቸዋል። ብዙዎቹ ከእኛ ከተሜ ይልቅ ስለ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ይጠይቃሉ።

ጎረቤቶቻችንንም አትርሱ። በዓለም ላይ ከሚደረገው ዓለም አቀፍ ጉዞ አብዛኛው እዚያው ቀጠና ውስጥ ነው። ጅቡቲ በሐምሌና ነሐሴ እሳት ናት። ድሬዳዋና አዲስ አበባ ለጅቡቲ ቤተሰብ ማረፊያ ናቸው።

ዲያስፖራው እንደ ቱሪስት ይቆጠራል?

ይቆጠራል፤ ግን እንደ ፈረንጁ አትያዙት። እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻና በ2022 መጀመሪያ "ወደ አገር ቤት" የሚለው ጥሪ ሲደረግ በገናና በጥምቀት የመጣውን ሰው አስታውሱ። ይህ ሰው የሚያድረው እህቱ ቤት ነው። ስለዚህ ሆቴሎች "ምን ይጠቅመናል" ይላሉ። ይጠቅማል እንጂ። ሬስቶራንት ቤተሰቡን ይዞ ይሄዳል። መኪና ይከራያል። ሠርግና ምርቃት ይደግሳል።

ትልቁ ነገር ልጆቹ ናቸው። አሜሪካ ወይም ስዊድን ተወልደው ያደጉ ልጆች አማርኛ ይሰማሉ፤ መልሱ በእንግሊዝኛ ወይም በስዊድንኛ ነው። ከዘመድ ቤት ዘመድ ቤት ሲዞሩ ይሰለቻሉ። እናትና አባት ለእነዚህ ልጆች አገሩን የሚያሳይላቸው ሰው በጣም ይፈልጋሉ። አምስት ቀን፣ ለልጆች የሚሆን፣ ፈረስ ያለበት፣ ዋና ያለበት፣ እንጀራ ሲጋገር የሚያዩበት ጉዞ። ይህን ያሰናዳ ሰው ገበያው ክፍት ነው።

የአገር ውስጥ ተጓዥስ ገንዘብ ያወጣል?

ኮቪድና ጦርነቱ ያስተማሩን አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው። ፈረንጁ ሲጠፋ ብዙ ቤቶችን ያቆየው የአገሬው ሰው ነው። ግሸን ማርያም በመስከረም 21፣ አክሱም ጽዮን በኅዳር 21፣ ቁልቢ በታኅሣሥና በሐምሌ 19 የሚወጣውን ሕዝብ ማን ይቆጥረዋል! ባሌ ድሬ ሼኽ ሁሴን የሚሄደውም እንዲሁ። የጉዞ ማኅበራት አውቶቡስ ሞልተው፣ ምንጣፍና በሶ ይዘው ይጓዛሉ። አብዛኛው ምዕመን ደጀ ሰላም ያድራል። እሱን በ2 ሺህ ብር አልጋ አትጠብቁት። ንጹሕ መጸዳጃ፣ ውሃ፣ ስልክ መሙያና ጥሩ የጾም ምግብ አቅርቡለት። ከገና በፊት ያለው የነቢያት ጾም ነውና ጥብስ ብቻ የሰቀለ ምግብ ቤት ላሊበላ ላይ ጾሙን ይውላል።

ከተሜው ደግሞ ቅዳሜና እሁድን ይፈልጋል። ቢሾፍቱ፣ ላንጋኖ፣ ሐዋሳ። አሁን ወንጪም ተጨምሯል፤ መንደሩ እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ተብሏል። ይህ ሰው ለፎቶ የሚሆን ቦታ፣ ለልጆች መጫወቻና መኪና ማቆሚያ ካገኘ ተመልሶ ይመጣል።

ክረምት ሲገባ ሥራ የለም ማለት ነው?

የሥራው ሰዎች "ሃይ ሲዝን" የሚሉት ከመስቀል እስከ ጥምቀት ያለውን ነው። ሁለቱም በዓላት በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆነው ተመዝግበዋል፤ መስቀል እ.ኤ.አ. በ2013፣ ጥምቀት በ2019። ቀኑን ስትነግሩ ተጠንቀቁ። ጥምቀት ጥር 11 ነው። በፈረንጆቹ ብዙውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜ 6 በሆነችበት ዓመት ማግስት ግን 20 ይሆናል። በዚህች አንዲት ቀን ስህተት ትኬት ቆርጦ በዓሉ ያመለጠው እንግዳ አጋጥሞኛል። እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ክረምቱን በተመለከተ ግን ሳላላን ተመልከቱ፤ ኦማን ውስጥ ያለችውን። ከሰኔ እስከ መስከረም ጭጋግና ካፊያ ይወርድባታል፤ ተራራው ይለመልማል። በዚያ ጊዜ የባሕረ ሰላጤው ሕዝብ መኪናውን ሞልቶ ይጎርፍላታል። ለምን ቢባል ዝናብ ለማየት! ሪያድና ዱባይ በሐምሌ ከ40 ዲግሪ በላይ ይሞቃሉ። እኛ "ዝናብ ነው፣ እንግዳ የለም" ብለን በር የምንዘጋበት ወር ለእነዚያ ሰዎች የናፈቁት አየር ነው። በዚያ የሚሠሩ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን ይህን ያውቃሉ፤ ቤተሰቦቹ ለእረፍት ወዴት እንደሚሄዱ ያያሉ። ሐላል ምግብ፣ ለትልቅ ቤተሰብ የሚሆን ሰፊ ቤት፣ አረብኛ የሚናገር ሰው ካለ ጅማም ባሌም በክረምት ማስተናገድ ይችላሉ። እርግጥ የሚያዳልጠው የጭቃ መንገድ ፈተና ነው። እሱን ቀድሞ መንገር ይሻላል።

ዋጋ ብንቀንስ ብዙ ሰው አይመጣም?

ሁልጊዜ አይደለም። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2017 የተራራ ጎሪላ ማያ ፈቃዷን ከ750 ወደ 1,500 ዶላር አሳደገች። ያም ሆኖ ገበያው አልጠፋባትም። ለዚያ የሚከፍለው ሰው የመጣው ርካሽ ነገር ፈልጎ አይደለም።

እንግዳን የሚያስቀይመው ብዙውን ጊዜ የዋጋው ትልቅነት ሳይሆን ያልጠበቀው ክፍያ ነው። አንድ ጊዜ እንግዶቼ በአንድ መስህብ በር ላይ የቪዲዮ ክፍያ ተጠየቁ። ቀጥሎ የአካባቢ አስጎብኚ ግዴታ ነው ተባሉ። ቀጥሎ ለመኪና ማቆሚያ። ድምሩ ትንሽ ነበር። ግን ሁለቱም ቀኑን ሙሉ ፊታቸው አልተፈታም። ሙሉውን ዋጋ አንድ ላይ፣ ቀድማችሁ፣ በጽሑፍ ንገሩ። ጉርሻ ስንት የተለመደ እንደሆነም ጨምሩበት።

መፈክር ለውጥ ያመጣል?

የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት የሚባሉት ሀብተሥላሴ ታፈሰ የአገራችንን 13 ወር ይዘው በእንግሊዝኛ የ13 ወር ፀሐይ አሉት። በአማርኛ "የ13 ወር ጸጋ" ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ "ምድረ ቀደምት" መጣ፤ ድንቅነሽን፣ ቡናን፣ ዓባይን አንድ ላይ የሚጠራ። ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ። ግን ሥራቸው ይለያያል። የመጀመሪያው ታኅሣሥ ላይ ጨለማ ቢሮ የተቀመጠውን ሰው ገፊ ምክንያት ይነካል። ሁለተኛው ያነበበውንና የሚመራመረውን ይስባል። መፈክሩ ማንን እንደሚጠራ ሳናውቅ ቢልቦርድ ብንሰቅል ብር ማባከን ነው።

ስድስት አልጋ ያላት ፔንሲዮን ነው ያለኝ። ገበያዬን እንዴት ልወቅ?

ደብተር ያዙ። እንግዳው ቡና ሲጠጣ ሦስት ነገር ጠይቁት። ስለ እኛ ከማን ሰማህ? ለምን በዚህ ሳምንት መጣህ? ከመምጣትህ በፊት ልትቀር ያሰብክበት ነገር ነበር? ሦስተኛው ወርቅ ነው፤ ሌሎች ሳይመጡ የቀሩበትን ምክንያት ከመጣው ሰው አፍ ትሰማላችሁ። ሙቅ ውሃ ይሆናል። መብራት ይሆናል። ለመልእክቱ ሁለት ቀን መልስ ማጣቱ ይሆናል።

ሃምሳ ሰው ከጠየቃችሁ በኋላ ደብተሩን ግለጡ። ስድስት አልጋ ለሁሉም አይሆንም። ወፍ አጥኚ የሚበዛ ከሆነ ቁርሱን አስቀድሙ። ዲያስፖራ ቤተሰብ ከሆነ ሁለቱን ክፍል በውስጥ በር አገናኙ። ጉግል ላይ የጻፉላችሁንም አንብቡ፤ የተቆጣውን በተለይ። መልስ ስትጽፉለት አትከራከሩት።

እንግዳ ሲበዛ ቦታውን አያበላሸውም?

ያበላሻል፤ ካልተጠነቀቁ። የሰሜን ተራሮች ፓርክ ከ1996 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ነበር። ዋናው ምክንያት እርሻ፣ ግጦሽና የዋልያ መመናመን ነበር፤ ቱሪስት አልነበረም። ግን ተራራው ጫናን የማይችል መሆኑን አሳይቶናል። ኦሞ ሸለቆ ላይ ደግሞ ጉዳቱ ሰው ላይ ነው። መኪና ይቆማል፣ በር ይከፈታል፣ በየፎቶው ብር ይከፈላል፣ መኪናው ይሄዳል። ማንም ማንንም ስሙን አልጠየቀም። እኔ ጂንካ የምወስዳቸውን እንግዶች የመጀመሪያውን ሰዓት ካሜራ ሳያወጡ እንዲቀመጡ እለምናቸዋለሁ። ክፍያውም ከመንደሩ ሰዎች ጋር ተነጋግረን በአንድ ላይ ይሰጣል። አንዳንዶቹ እንግዶች መጀመሪያ ቅር ይላቸዋል። ማታ እሳት ዳር ስንቀመጥ የሚያወሩት ግን ስለዚያች ሰዓት ነው።